ኤምአርአይ ላይ የልብ ጡንቻ የደም ፍሰት፦ በእረፍት ይበዛል፣ በአዴኖሲን ብዙ አይጨምርም። ስህተቱ የት ነው?

አንገረብ (ጎንደር)

ሰላም ለቤቱ። የልብ ጡንቻ የደም ፍሰትን በኤምአርአይ በቁጥር ለማውጣት እየሞከርን ነው። «እዚህ ጋ ጠቆር ብሏል» ከማለት አልፈን በሚሊ ሊትር በደቂቃ በግራም መጻፍ እንፈልጋለን።

ማሽኑ 1.5 ቴስላ ነው። በየልብ ምቱ ሦስት ስላይስ እናነሳለን፤ ሳቹሬሽን ሪከቨሪ (ሲግናሉን በፐልስ አጥፍቶ ሲያገግም ማንሳት)፣ ከሳቹሬሽን ፐልሱ እስከ ምስሉ መሃል 100 ሚሊ ሰከንድ። ኮንትራስቱ ጋዶቴሬት (ጋዶሊኒየም ያለበት) 0.1 ሚሊሞል በኪሎ፣ በሰከንድ 4 ሚሊ ሊትር። አዴኖሲን (የልብን ደም ሥሮች የሚያሰፋው መድኃኒት) 140 ማይክሮግራም በኪሎ በደቂቃ፤ ምስሉ የሚጀመረው ፓምፑ ከተከፈተ በ3ኛው ደቂቃ። ትንተናው ከማሽኑ ውጪ፣ በፌርሚ ዲኮንቮሉሽን (ፍሰቱን ከደሙና ከጡንቻው የሲግናል ኩርባ በሚያወጣ ስሌት) ነው።

የልብ ችግር የሌለባቸው ሰዎች ላይ የሚወጣው ቁጥር ግራ ያጋባል። በእረፍት 1.9 አካባቢ፣ በአዴኖሲን 2.6 አካባቢ። ጥምርታው 1.4 እንኳ አይሞላም። ምስሉን በዓይን ስናየው ግን ንጹሕ ነው። ያንኑ ሰው በሌላ ቀን ስንደግመው ደግሞ ቁጥሩ ይዋዥቃል። ሶፍትዌሩን እንቀይር የሚሉ አሉ፤ መድኃኒቱ ነው የሚሉም አሉ። ከየት እንጀምር?

ጎሃ

አንገረብ፣ ሶፍትዌሩን ለጊዜው ተዉት። ሁለት የተለያየ ችግር ተደራርቦባችኋል፤ ለየብቻ እዩአቸው።

አንደኛው የእረፍቱ ቁጥር ነው። ጤነኛ ልብ በእረፍት ላይ ከ0.6 እስከ 1.2 ሚሊ ሊትር በደቂቃ በግራም ገደማ ነው የሚያገኘው። 1.9 ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጡንቻው ኩርባ ሳይሆን የደሙ ኩርባ ነው። ዲኮንቮሉሽን የጡንቻውን ኩርባ በግራ ቬንትሪክል ውስጥ ካለው የደም ኩርባ አንጻር ይመዝነዋል። የደሙ ኩርባ ጫፉ ተቆርጦ ከቀረበለት፣ ጡንቻው ከትንሽ ኮንትራስት ብዙ የወሰደ ይመስለዋል፤ ፍሰቱም በሐሰት ያብጣል።

ለምን ይቆረጣል? በወረቀት አስሉት። የደሙን የራሱን አር1 (ሲግናሉ የሚያገግምበት ፍጥነት፣ በሰከንድ) 0.6፣ የጋዶቴሬቱን ሪላክሲቪቲ (በሊትር አንድ ሚሊሞል አር1ን የሚጨምርበት መጠን) 4 ብላችሁ ያዙ። ደሙ ውስጥ በሊትር 5 ሚሊሞል ጋዶሊኒየም ሲኖር አር1 20.6 ይሆናል፤ በ100 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ሲግናሉ ከሙሉው 87 በመቶ ይደርሳል። መጠኑ እጥፍ ሆኖ 10 ሚሊሞል ሲገባ ሲግናሉ 98 በመቶ ነው። ኮንትራስቱ መቶ በመቶ ጨመረ፣ ሲግናሉ ግን ከ87 ወደ 98 ብቻ ተንቀሳቀሰ። የመጠበቂያውን ጊዜ ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ አውርዳችሁ አስሉት፦ 19 በመቶና 33 በመቶ። አሁን ልዩነቱ ይታያል። ለጡንቻው 100 ሚሊ ሰከንድ ጥሩ ነው፤ ጡንቻው ውስጥ የሚገባው ኮንትራስት ትንሽ ስለሆነ። ለደሙ ግን በጣም ረጅም ነው። እናንተ በአንዱ ማሰሮ ሁለቱንም ለማብሰል ነው የሞከራችሁት።

ይኼው ስህተት ጥምርታውንም ይበላዋል። በእረፍት ልብ የሚረጨው ደም ስለሚያንስ ቦለሱ (በአንዴ የተገፋው ኮንትራስት) ሳይበተን ተጠጋግቶ ይደርሳል፤ ጫፉ ከፍ ይላል፣ ይበልጥም ይቆረጣል። በአዴኖሲን የሚረጨው ደም ስለሚጨምር ቦለሱ ይሳሳል፤ የሚቆረጠውም ያንሳል። ስለዚህ የእረፍቱ ቁጥር ከአዴኖሲኑ ይልቅ ያብጣል። መድኃኒቱ በትክክል ቢሠራ እንኳ ጥምርታው ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። ቀላሉ መጠኑን ወደ 0.05 ሚሊሞል በኪሎ ማውረድ ነው፤ ችግሩን ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም። ጥሩው፣ ማሽኑ ካለው፣ በየልብ ምቱ መጀመሪያ ላይ ለደሙ ብቻ ዝቅተኛ ሪዞሉሽን ያለው፣ የመጠበቂያ ጊዜው አጭር የሆነ ተጨማሪ ምስል ማንሳት ነው። ፒተር ኬልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት፣ ማሽኑ ላይ ራሱ ካርታ የሚያወጣው ዘዴም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ይህ ከሌላችሁ ሁለት ቦለስ መስጠት ነው፦ መጀመሪያ የተቀጠነ፣ ከዚያ ዋናው። የደሙን ኩርባ ከተቀጠነው፣ የጡንቻውን ከዋናው ትወስዳላችሁ።

መሠረታዊ ነገር ላስታውስ፦ በተከታታዩ መጀመሪያ ላይ ያለ ሳቹሬሽን የሚነሱ ጥቂት የፕሮቶን ዴንሲቲ ምስሎች አሏችሁ? ከሌሉ የፊተኛው ግድግዳ ሲግናሉን ለሚቀበለው ኮይል ስለሚቀርብ ብቻ ይደምቃል፤ የታችኛውና የጎኑ ግድግዳ ይደበዝዛል። በዓይን ለሚያነብ ሰው ብዙም አይጎዳም፤ ለቁጥር ግን መርዝ ነው።

ሽንታ

ጎሃ ስለ ደሙ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ መድኃኒቱ ልጨምር፤ እዚህ አገር በብዛት የሚያበላሸው እሱ ስለሆነ።

ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል። ብዙ ፕሮቶኮሎች ቢያንስ 12 ሰዓት ይላሉ፤ ለቁጥር ሥራ ግን 24 ሰዓት ያዙ። ጎንደር ላይ «ቡና ጠጥተዋል?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። ሰው አቦሉን ትቶ ቶናና በረካ ከጎረቤት ጋር ቀምሶ «ኧረ አልጠጣሁም» ይላችኋል። በረካም ቡና ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ዘርዝሩት፦ ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ፣ ቡና ተፈልቶ ነበር ወይ፣ ሻይ፣ ኮካ፣ ጫት። ከሁሉም የሚረሳው ደግሞ የራስ ምታት ክኒን ነው። ቡና የለመደ ሰው ቡና ሲቀርበት ራሱን ያመዋል፤ የሚውጠው ማስታገሻ ውስጥ ካፌይን ሊኖር ይችላል። ቡናውን ከልክላችሁ በክኒን አስገባችሁት ማለት ነው። ቴዎፊሊን የሚወስድ የአስም ታካሚም እንዲሁ ነው፤ እሱማ መጀመሪያውኑ ለአዴኖሲን የሚሆን መሆኑ በሐኪም መታየት አለበት። የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ «ካፌይን» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ቡና፣ ሻይ፣ ኮካ» ብላችሁ ጻፉ።

አሁን ወደ 3 ደቂቃዋ እንሂድ። ፓምፑ ከማግኔቱ ክፍል ውጪ ከሆነ ቱቦው ረጅም ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 60 ኪሎ ሰው በ140 ማይክሮግራም 8.4 ሚሊግራም በደቂቃ ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ በሚሊ ሊትር 3 ሚሊግራም ከሆነ 2.8 ሚሊ ሊትር በደቂቃ፣ ማለትም 168 ሚሊ ሊትር በሰዓት። ቱቦው 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝና በሳላይን የተሞላ ከሆነ፣ የመጀመሪያዋ የአዴኖሲን ጠብታ ክንድ ጋ የምትደርሰው ከ1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ በኋላ ነው። እናንተ 3 ደቂቃ ያላችሁት ለልብ 1 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ነው። ሰውየው ቀለል ካለ ደግሞ ፓምፑ ዝግ ስለሚል ይባስ ይዘገያል። ከሰው ሰው፣ ከቀን ቀን ለሚታየው መዋዠቅ አንዱ ምክንያት ይኼ ሊሆን ይችላል። ቱቦውን እስከ ጫፉ በአዴኖሲን ሙሉት፣ ከዚያ ካኑላው ላይ ግጠሙት።

መድኃኒቱ መሥራቱን ደግሞ በሰዓት ሳይሆን በሰውየው እወቁ። የልብ ምት በ10 መጨመር ወይም የላይኛው ግፊት በ10 መውረድ፣ ደረት ላይ የመጫን ስሜት፣ ትንፋሽ ማጠር። ምንም ካልታየ ወደ 170 ከዚያም ወደ 210 ከፍ ይደረጋል (ለዚያው 60 ኪሎ ሰው 210 ማለት 252 ሚሊ ሊትር በሰዓት ነው)። ምስሉ ላይ ደግሞ ጣፊያን እዩ። አዴኖሲን በትክክል ሲሠራ ጣፊያ ከእረፍቱ ምስል ጋር ሲነጻጸር ይጨልማል። በሁለቱም እኩል ከበራ፣ ያንን ጥናት «ኖርማል» ብላችሁ አትጻፉት። በአዴኖሲን ፈንታ የሚሰጡት ሬጋዴኖሶንና ዶቡታሚን ላይ ግን ይህንን ምልክት አትመኑበት።

ሁለት ካኑላ፣ ሁለት ክንድ። አዴኖሲን በአንዱ፣ ኮንትራስት በሌላው። በአንድ መስመር ካደረጋችሁት ኢንጀክተሩ ቱቦው ውስጥ ያለውን አዴኖሲን በአንዴ ይገፋዋል፤ ልብ ምት ይቆራረጣል። ለኮንትራስቱ አረንጓዴ ካኑላ፣ ካልተገኘ ሮዝ። በሰማያዊ 4 ሚሊ ሊትር በሰከንድ ለመግፋት አትሞክሩ። በጾም ወቅት ውኃ ሳይቀምስ የመጣ ሰው ደም ሥሩ ይደበቃል፤ ውኃ እንዲጠጣ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አንገረብ

እጅግ አመሰግናለሁ። ቱቦውን በሳላይን ነበር የምንሞላው፤ ያቺን አላሰብናትም። ለደሙ ብቻ የሚያነሳው ሲኩዌንስ ማሽኑ ላይ የለም፣ ስለዚህ ሁለት ቦለስ ነው የሚቀረን። ቅጥነቱን በምን ያህል ጥንቃቄ ማድረግ አለብን? የማሽኑን ሲግናል ሰው ላይ ከመሄዳችን በፊት የምንፈትሽበት መንገድስ አለ?

ቀሃ

ቅጥነቱ ላይ የሚሠራ ስህተት በቀጥታ ቁጥሩ ውስጥ ይገባል፤ ሶፍትዌር አያርመውም።

60 ኪሎ ሰው፣ 0.05 ሚሊሞል በኪሎ፦ 3 ሚሊሞል። ጋዶቴሬት በሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊሞል ስለሆነ ዋናው ቦለስ 6 ሚሊ ሊትር ነው። (አቅርቦት ተቀይሮ ጋዶቡትሮል ከመጣ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊሞል ነው፤ 3 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሁለቱን ማምታታት መጠኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በሚሊ ሊትር ሳይሆን በሚሊሞል መዝግቡ።) የተቀጠነው አንድ አሥረኛ ነው፤ ግን መጠነ ፈሳሹ እኩል 6 ሚሊ ሊትር፣ ፍጥነቱም እኩል 4 ሚሊ ሊትር በሰከንድ መሆን አለበት። ሁለቱም በ30 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይገፋሉ። ፈሳሹ ወይም ፍጥነቱ ከተለያየ የቦለሱ ቅርጽ ይለያያል፤ «በ10 አባዛዋለሁ» የሚለው ነገር ይፈርሳል።

0.6 ሚሊ ሊትር ጋዶቴሬት በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቀድታችሁ 5.4 ሳላይን አትጨምሩበት። እዚያ ሲሪንጅ ላይ በ0.1 መሳሳት ቀላል ነው፤ 0.1 ከ0.6 ደግሞ 17 በመቶ ማለት ነው። 3 ሚሊ ሊትር ጋዶቴሬት ከ27 ሚሊ ሊትር ሳላይን ጋር ቀላቅሉ፣ ሲሪንጁን ደጋግማችሁ ገልብጡ (ኮንትራስቱ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል)፣ ከዚያ 6 ውሰዱ። አሁን ያው የ0.1 ስህተት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የተረፈው ለዚያው ታካሚ የእረፍት ምስል ይሆናል፤ ለሌላ ሰው ግን አይቀመጥም፣ ይደፋል። የተቀጠነው ሁልጊዜ ይቅደም። ዋናው ከቀደመ መስመሩ ውስጥ የሚቀረው ቅሪት የተቀጠነውን ያበላሸዋል። የእረፍቱን ምስል ከአዴኖሲኑ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ አንሱ፤ ያኔም ደሙና ጡንቻው ውስጥ የቀረ ጋዶሊኒየም ስላለ የመነሻውን ሲግናል ከዚያው ተከታታይ ውሰዱ እንጂ ከመጀመሪያው አትዋሱ።

ፋንተሙን (የመፈተሻ ቱቦዎቹን) እዚያው መሥራት ይቻላል። ጋዶቴሬት በሊትር 500 ሚሊሞል ነው። 1 ሚሊ ሊትሩን በ49 ሳላይን ስትቀላቅሉ 50 ሚሊ ሊትር የ10 ሚሊሞል ይወጣል። ከዚህ 20 ወስዳችሁ በ20 ሳላይን፦ 5 ሚሊሞል። ከዚያው ከ10ሩ 5 ወስዳችሁ በ20፦ 2። አሁንም ከ10ሩ 2 ወስዳችሁ በ18፦ 1። ከ1ዱ 10 በ10፦ 0.5። አንድ ቱቦ ንጹሕ ሳላይን። ክዳን ያላቸው የላቦራቶሪ ቱቦዎች ይበቃሉ። እስከ አፋቸው ሙሏቸው፣ በጣት ጠርዝ መታ መታ አድርጋችሁ አረፋውን አስወጡ፤ አንዲት አረፋ ከቀረች ዙሪያዋን ታጨልማለች። ቱቦዎቹን ውኃ ያለበት ጎድጓዳ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አቁሟቸውና እዚያው የማሽኑ ክፍል ይደሩ፤ ቲ1 (የአር1 ግልባጭ) ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል።

ከዚያ በማሽኑ ሰው ሠራሽ ኢሲጂ በ60 ምትና በ100 ምት ያንኑ ሲኩዌንስ አስኪዱ። ሲግናሉን በፕሮቶን ዴንሲቲው አካፍላችሁ ከጋዶሊኒየሙ መጠን ጋር ሣሉት። መስመሩ የት ላይ መታጠፍ እንደሚጀምር በዓይናችሁ ታያላችሁ። የ60ውና የ100ው መስመር መገጣጠም አለባቸው፤ ካልተገጣጠሙ ሳቹሬሽን ፐልሱ ያለፈውን ምት ሙሉ በሙሉ እያጠፋ አይደለም። ሰው ላይ ያንን ስህተት «የአዴኖሲን ለውጥ» ብላችሁ ነበር የምታነቡት።

ራስ ዳሸን

ከሰዓቱ ጋር የተያያዘ ነገር ማንም አላነሳም። ሦስት ስላይስ እያንዳንዱ 150 ሚሊ ሰከንድ ቢወስድ 450 ነው። ምት 100 ሲሆን በሁለት ምት መካከል 600 ሚሊ ሰከንድ አለ፤ ይበቃል። 130 ሲሆን 460 ገደማ ነው፤ አንድ ምት ትንሽ ቀደም ካለ ማሽኑ ይዘለዋል። መዝለል ሲጀምር የደሙን ጫፍ ያመልጠዋል። ምቱ ከፍ እንደሚል ካወቃችሁ አንድ ስላይስ ቀንሱ፤ ሁለት ሙሉ ስላይስ ከሦስት የተቆራረጠ ይሻላል።

ትንተናው ላይ ደግሞ «አንድ ምስል ማለት አንድ ምት፣ አንድ ምት ማለት ይህን ያህል ሰከንድ» ብላችሁ አትቁጠሩ። ከዳይኮሙ (ከምስሉ ፋይል) ላይ እያንዳንዱ ምስል የተነሳበትን ሰዓት አውጡ። የታካሚውን ስም ከፋይሉ ለማንሳት የምትጠቀሙበት ፕሮግራም ሰዓቱንም አብሮ የሚሰርዝ ከሆነ የጊዜ መስመሩ ከእጃችሁ ወጣ፤ ይህን ዛሬውኑ ፈትሹ። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (ያልተስተካከለ የልብ ምት) ያለበት ሰው ላይ ሳቹሬሽን ሪከቨሪ ራሱ ይጠቅማችኋል፣ ማግኔታይዜሽኑን በየምቱ ከዜሮ ስለሚጀምር። የሰዓት መዝገቡ ከጠፋ ግን ያም አያድንም።

ኢሲጂው ካልያዘ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳው ነው። ቅባት ወይም ቅቤ የተቀባ ደረት ላይ ኤሌክትሮድ አይያዝም። በአልኮል ጥረጉ፣ ይድረቅ፣ ጸጉር ካለ ላጩ፣ ከዚያ ለጥፉ።

ትንፋሽን በተመለከተ «ያዝ!» አትበሉ። በአዴኖሲን ትንፋሽ ያጠረው ሰው መሃል ላይ ያቅተውና በረጅሙ ይስባል፤ ልክ ኮንትራስቱ ጡንቻው ጋ ሲደርስ ልቡ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። «ዝግ ብለህ፣ አጠር አጠር አድርገህ ተንፍስ» ይሻላል፤ የቀረውን የእንቅስቃሴ ማረሚያው ይሠራዋል። ሲያልቅ ግን ምስሉን እንደ ፊልም አስኪዱትና ጡንቻው ለትንተናው ከሚሣልበት ክብ ወጥቶ እንደሆነ እዩ።

ክቡን ስትሥሉ ከውስጥም ከውጭም አንድ ፒክስል ተዉ። ውስጠኛው ጠርዝ ላይ፣ ደሙ ገና ሲበራ ብቅ ብላ ጥቂት ምቶች ቆይታ የምትጠፋ ጥቁር ክር አለች፤ ስፋቷ ብዙውን ጊዜ የአንድ ፒክስል ያህል ነው። በሽታ ከሆነ ከዚያ በላይ ይቆያል፣ የአንድ ኮሮናሪ ሥር ክልልም ይከተላል።

የሚቀረው ሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሕዋሳት ከደሙ የሚይዙት ድርሻ) ነው። በፌርሚ፣ ደሙን እንደ ሙሉ ደም እየወሰዳችሁ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። የፕላዝማ ፍሰት ወደሚያሰላ ሞዴል ከተሻገራችሁ ግን ውጤቱ ለ1 ሲቀነስ ሄማቶክሪት ይካፈላል። ሶፍትዌሩ ከራሱ 0.42 ይዞ፣ የሰውየው 0.30 ከሆነ ቁጥሩ 20 በመቶ ያህል ያብጣል። ከደባርቅ ደጋ የወረደውንና ከመተማ ቆላ የወጣውን በአንድ ግምት አታስገቡ፤ ካኑላ ስታስገቡ ያንኑ ጊዜ ደም ውሰዱ።

ጎሃ

ራስ ዳሸን ላይ የምጨምረው የእረፍቱን ነው። ዳገት ወጥቶ፣ ፈርቶ፣ ወዲያው ጠረጴዛው ላይ የተኛ ሰው «እረፍት» ላይ አይደለም። ምቱ 90፣ የላይኛው ግፊት 130 ከሆነ ብዜቱ 11,700 ነው፤ 1.2 የወጣው ፍሰት ወደ 10,000 ሲስተካከል 1.03 ይሆናል። ሁለቱንም ጻፉ፤ ያልተስተካከለውን አትሰርዙት።

የተቀጠነውን ቦለስ ከጀመራችሁ በኋላ ቁጥሩ ልክ መሆኑን ከሌላ በኩል ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ኮሮናሪ ሳይነስ (የልብ ጡንቻን ደም የሚመልሰው ሥር) ላይ ፌዝ ኮንትራስት (የደም ፍጥነት የሚለካ ምስል) አንሱ። የሚወጋ ኮንትራስት አይጠይቅም። ከግራ ቬንትሪክል ጡንቻ የሚመለሰው ደም አብዛኛው በዚያ ያልፋል፤ ፍሰቱን በጡንቻው ክብደት ስታካፍሉት አማካዩን ይሰጣችኋል። ለእረፍት የፍጥነት ገደቡን 50፣ ለአዴኖሲን 80 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ሞክሩ። ሥሩ ጠባብ ስለሆነና ከልቡ ጋር ስለሚንቀሳቀስ ክቡ በየምስሉ መከተል አለበት። የትኛው ግድግዳ እንደተጎዳ አይነግራችሁም። ነገር ግን ይኼ 0.9፣ ያኛው 1.9 ካለ፣ የደሙ ኩርባ ገና አልተስተካከለም።

ሽንታ

የረሳሁት ነገር አለ፤ ቱቦውን በአዴኖሲን ሙሉት ስላልኩ ይኼም አብሮ መነገር አለበት። ምስሉ አልቆ ፓምፑን ስታቆሙ ቱቦው ውስጥ ያ 5 ሚሊ ሊትር፣ 15 ሚሊግራም አዴኖሲን፣ እንዳለ ነው። ማንም «መስመሩን ላጽዳ» ብሎ በሳላይን እንዳይገፋው። ከካኑላው ላይ ንቀሉት፣ ከዚያ ካኑላውን ብቻ አጽዱ። ፓምፑ ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉበት፤ ተረኛው ሲቀያየር የሚረሳው ይኼ ነው። የአዴኖሲን ማርከሻው አሚኖፊሊንም ተቀድቶ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ከማግኔቱ ክፍል በር አጠገብ ይቀመጥ።